መሣሪያው ቢናገር ማን ይሰማዋል?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ይህችን አስተያየቴን በአንባብያን አምድ ታወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። እኔ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነኝ እንጂ የማዕድን ሊቅ አይደለሁም። ሆኖም የማነሣው ነገር በመጨረሻው ወደ ማዕድን ሊቃውንት ሳይሆን ወደ እኛ፣ ማለት ደብዳቤ ወደምንጽፈውና ደብዳቤ ወደምንቀበለው የመንግሥት ሠራተኞች የሚመለስ ሆኖ ስላገኘሁት ዝም ማለት አልወደድሁም። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውሳለሁ።

ባለፈው ሰሞን ከዓመታት በፊት ያስተማርሁት አንድ ወጣት ሊጠይቀኝ መጣ። የሥነ ምድር ትምህርቱን ጨርሶ የድንጋይ ከሰል በሚወጣበት በምዕራቡ የሀገራችን ክፍል ሥራ ይዟል። ቡና እየጠጣን ሳለን፣ «መምህር፣ ከእንግዲህ የማዕድን ሠራተኛ በአደጋ መሞቱ ሊቀር ነው፤ አደጋውን ሳይደርስ የሚናገር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተገኝቷል» አለኝ። ነገሩ ደስ አሰኘኝ። ነገር ግን፣ «ከተናገረ በኋላስ የሚሰማው ማነው?» ብዬ ብጠይቀው ዝም አለ። እኔም መልሱን አላውቀውም ነበርና እርሱ ከሄደ በኋላ ነገሩን ስመረምር ሰነበትሁ። ያገኘሁትንም ከዚህ ቀጥዬ አቀርባለሁ።

የድንጋይ ከሰል የሚቆፍር ሰው ጠላቶቹ ብዙዎች ናቸው። ከከሰሉ ውስጥ ሜቴን የሚባለው ጋዝ ይወጣል፤ ይህም ጋዝ ቀለምና ሽታ የሌለው ሲሆን በአየሩ ውስጥ ከመቶ 5 እስከ 15 እጅ ያህል በሆነ ጊዜ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ብትነካው ይፈነዳል። ፍንዳታው ደግሞ የከሰሉን ብናኝ አንሥቶ ያቀጣጥለውና ከፊተኛው የባሰ ሌላ ፍንዳታ ያመጣል። ከእሳቱም በኋላ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ነበልባሉ ያልደረሰበትን ሰው ሳይቀር ይገድላል። በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የምድሩ ክብደት ዓለቱን አስጨንቆ በድንገት ይፈነቅለዋል፤ ጣራውም በሠራተኛው ላይ ይወርዳል።

እነዚህን ጠላቶች አስቀድሞ ለማወቅ የሰው ልጅ ብዙ ደክሟል። ሃልዴን የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ ሊቅ ካናሪ የምትባለዋን ትንሽ ወፍ ወደ ጉድጓድ ይዞ መውረድን መከረ፤ ወፊቱ መርዙን ከሰው ቀድማ ስለምትሰማው እርሷ ስትደክም ሰዎቹ ይሸሻሉ። የእንግሊዝ የከሰል ጉድጓዶች ይህችን ወፍ በኤሌክትሪክ መሣሪያ መተካት የጀመሩት በ1986 ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ በ1812 በሰሜን እንግሊዝ ፌሊንግ በሚባለው ስፍራ 92 ሰዎችና ልጆች በፍንዳታ ካለቁ በኋላ ሀምፍሪ ዴቪ በ1815 ነበልባሉ በሽቦ ወንፊት የተከለለ ፋኖስ ሠራ። ፋኖሱ ለጋዙ እሳት አይሰጥም፤ ጋዝም ሲበዛ ነበልባሉ መልኩን ይለውጣል። ሆኖም ከዚህ ፋኖስ በኋላ አደጋው እንደታሰበው አልቀነሰም። ባለቤቶቹ ፋኖሱን ተማምነው ቀድሞ ጋዝ ስለሚበዛበት ወደተተወው የጉድጓድ ክፍል ሠራተኛውን መላክ ጀመሩ። ሰውን ከአደጋ ለማራቅ የተሠራው ዕቃ ሰውን ወደ አደጋ ለማቅረብ ዋለ ማለት ነው። ይህን ነገር አንባቢው እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዛሬ የመጣው መሣሪያ ከወፊቱና ከፋኖሱ የሚለየው የሆነውን ብቻ ሳይሆን ሊሆን ያለውን እናገራለሁ በማለቱ ነው። በጉድጓዱ ውስጥ በየቦታው ሴንሰር የሚባሉ መለኪያዎች ይተከላሉ። አንዱ ጋዙን፣ አንዱ የአየሩን ፍጥነት፣ አንዱ ሙቀቱን፣ አንዱ በጣራው ድጋፍ ላይ ያረፈውን ጫና፣ ሌላው ሰው የማይሰማውን የዓለቱን ጥቃቅን መንቀጥቀጥ ይለካል። ኮምፒዩተሩ የብዙ ጊዜውን ቁጥር ተቀብሎ አደጋ የደረሰበት ቀን ከደረሰበት በፊት ቁጥሮቹ እንዴት እንደነበሩ ይማራል፤ ከዚያም የዛሬው ቁጥር ያንን የመሰለ እንደሆነ ደወል ያሰማል። መቶ መለኪያ በአንድ ጊዜ እያየ ሌሊቱን ሙሉ የማያንቀላፋ ሰው አይገኝምና ይህ በእውነት ታላቅ ነገር ነው፤ የሚናቅም አይደለም።

ነገር ግን ሻጩ መጥቶ፣ «መሣሪያዬ ከመቶ 93 ጊዜ አይሳሳትም» ቢለን ምን እንላለን? በዚህ ረገድ የአስተማሪነት ሙያዬ ረድቶኛል። በፖላንድ ሀገር በሲሌዝያ ቢየልሾቪትሴ ከሚባል የከሰል ጉድጓድ የተሰበሰበ፣ የኮምፒዩተር ተማሪዎች በየሀገሩ የሚለማመዱበት አንድ መዝገብ አለ። በውስጡ 2584 የሥራ ፈረቃዎች ተመዝግበዋል፤ እያንዳንዱም ፈረቃ 8 ሰዓት ነው። ጥያቄው፣ በዚህ ፈረቃ ከታየው ተነሥተን በሚቀጥለው ፈረቃ ኀይለኛ የዓለት መንቀጥቀጥ ይደርሳል ወይስ አይደርስም የሚል ነው። ከ2584ቱ ውስጥ እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ የተከተላቸው 170 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት 2414 ግን በሰላም አልፈዋል።

አሁን እውነት ወይም ሐሰት በሉ የሚል ፈተና ስሰጥ ጥያቄውን ሳያነብ ሁሉንም «ሐሰት» እያለ የሚሞላ ተማሪ ይኖራል። ከፈተናው አብዛኛው ሐሰት ከሆነ ይህ ተማሪ ምንም ሳያውቅ ያልፋል። በዚያ የፖላንድ መዝገብ ላይም በየፈረቃው «አደጋ የለም» ብቻ የሚል የተበላሸ መሣሪያ ብናስቀምጥ 2414 ጊዜ ልክ ሆኖ ከመቶ 93 በላይ ያገኛል። ከ170ው አሥጊ ፈረቃ ግን አንዱን እንኳ አልተናገረም። እንግዲህ ለሻጩ የሚቀርበው ጥያቄ «ከመቶ ስንት ልክ ነህ?» የሚለው ሳይሆን «ከ170ው ስንቱን ያዝህ? ያንንም ለመያዝ ስንት ጊዜ በከንቱ ጮኽህ?» የሚለው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው አያንስም። ሁልጊዜ «አደጋ አለ» የሚል መሣሪያ 170ውንም ይይዛል፤ ነገር ግን 2414 ጊዜ ሥራ ያስቆማል። እንደዚያ ያለውን ደወል ሠራተኛው በሳምንቱ ይሰለቸዋል፤ ተኩላ መጣ እያለ ሰፈሩን ያታክት እንደነበረው እረኛም እውነተኛው ቀን ሲደርስ የሚሰማው አያገኝም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ደወሉ በየትኛው ልክ ላይ ይጩኽ የሚለውን የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። አንድን ሰው ለማዳን ስንት ቀን ሥራ በከንቱ ቢቆም እንቀበላለን ማለት ነው። ይህን ኮምፒዩተሩ አያውቀውም፤ ሰው ይነግረዋል። ያም ሰው የምርቱ ኀላፊ ብቻ የሆነ እንደሆነ ልኩን በከሰሉ ዋጋ እንደሚሰፍረው አያጠራጥርም። የዴቪ ፋኖስ ታሪክ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው።

ምናልባት አንባቢው፣ «ቻይና ግን በዚሁ መሣሪያ ተጠቅማ የሠራተኞቿን ሞት ቀንሳ የለምን?» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ በቻይና በ2002 ወደ 7000 የሚጠጋ የከሰል ሠራተኛ በአደጋ ሲሞት በ2018 የሟቾቹ ቁጥር ከ400 በታች ወርዷል። ሁዋዌ የተባለው ኩባንያ ከሻንዶንግ ኢነርጂ ጋር ሆኖ ለከሰል ማዕድን ያሰናዳውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያስተዋወቀው ግን በ2023 ነው። ቀኖቹን ማስተያየት ይበቃል። አብዛኛው ሕይወት የተረፈው ያለ ፈቃድ የሚቆፍሩ ትንንሽ ጉድጓዶች ስለተዘጉ፣ ጋዙ ከቁፋሮው በፊት በቧንቧ እንዲወጣ ስለተደረገ፣ የእጅ ሥራው በመኪና ስለተተካና ቁጥጥሩ ስለጠበቀ ነው። አዲሱ መሣሪያ በዚህ ላይ ሊጨምር ይችላል፤ ይህን ግን ሊተካ አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አደጋ የደረሰባቸውን የከሰል ስፍራዎች ታሪክ ስናነብ ማስጠንቀቂያ ጠፍቶ ሰው ያለቀበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ግን ማስጠንቀቂያው ኖሮ የሚሰማው የጠፋበትን ነው።

በዌልስ ሀገር አበርቫን የምትባል የከሰል ሠራተኞች መንደር አለች። ከጉድጓዱ የወጣው ትራፊ ከመንደሯ በላይ በተራራው ላይ ይከመር ነበር። 7ኛው ክምር የተጣለው ምንጭ በሚፈልቅበት ቦታ ላይ ነው። በዚያው ተራራ ላይ በ1944 አንድ ክምር ተንሸራቶ ነበር፤ በ1963 ደግሞ ይኸው 7ኛው ራሱ ተንሸራቷል። በዚያው በ1963 የወረዳው መሐንዲስ ከትምህርት ቤቱ በስተጀርባ የሚጣለው ጭቃ አሥጊ ነው ብሎ ጻፈ። ደብዳቤው ተነበበ፤ መልስም ተሰጠበት፤ ክምሩ ግን ማደጉን አላቆመም። ጥቅምት 21 ቀን 1966 ዓርብ ጠዋት ልጆቹ ገና በየወንበራቸው እንደተቀመጡ ክምሩ ወርዶ ትምህርት ቤቱን ዋጠው። 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። አጣሪው ጉባኤ በ1967 ጥፋቱን በብሔራዊ የከሰል ቦርድ ላይ አደረገ፤ ነገር ግን ከቦርዱ ሰዎች አንድ እንኳ ከሥራው አልተነሣም፤ አልተከሰሰምም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

በአሜሪካ ዌስት ቨርጂንያ አፐር ቢግ ብራንች በሚባለው ጉድጓድ ደግሞ ሚያዝያ 5 ቀን 2010 ሜቴን ተነሥቶ የከሰል ብናኝ አቀጣጠለና 29 ሰዎች ሞቱ። የመንግሥቱ ምርመራ እንደገለጠው ኩባንያው ሁለት ዓይነት መዝገብ ይይዝ ነበር፤ ለምርት የሚጠቀምበት አንድ፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚታይ አንድ። ያየውን አደጋ በፊተኛው ላይ ይጽፈዋል፤ በኋለኛው ላይ ግን አይጽፈውም። የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበረው ሰው የደኅንነትን ሕግ ለመጣስ በማሤር በ2015 ተፈርዶበት የአንድ ዓመት እስራት ተቀጥቷል። እስኪ አስቡት፤ ለተቆጣጣሪ ከሚታየው መዝገብ የሚማር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምን ይማራል? ሁሉ ሰላም ነው የሚለውን ነው። ውሸት የተማረ ኮምፒዩተር ከሰው ይልቅ በልበ ሙሉነት ይዋሻል።

ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ ወደ ዩታ እንሂድ። ቢንገም ካንየን የሚባለው ከላይ የተከፈተ የመዳብ እንጂ የከሰል ማዕድን አይደለም፤ መለኪያውም ራዳርና የመሳሰለው ነበር። የጉድጓዱ ግድግዳ ጥቂት በጥቂት መንቀሳቀሱ ከታወቀ በኋላ ኀላፊዎቹ ናዳውን ሳይደብቁ አስቀድመው ተናገሩ፤ ሚያዝያ 10 ቀን 2013 ሠራተኞቹን አስወጡ። በዚያው ማታ ተራራ የሚያህል ዓለት ተናደ፤ አንድም ሰው አልቆሰለም። ከአበርቫን የሚለየው የመለኪያው ብልጠት ብቻ አይደለም። በአበርቫን ምንጩን ለማየት ራዳር አያስፈልግም ነበር፤ ዓይን ይበቃ ነበር።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር ከነቢዩ ሕዝቅኤል መጽሐፍ ስለ ከተማ ጠባቂው አስተምረውኛል። ጠባቂው ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ቢነፋና የሰማው ሰው ባይጠነቀቅ ደሙ በራሱ ላይ ነው፤ ጠባቂው ሳይነፋ ቢቀር ግን ደሙ ከጠባቂው ይፈለጋል። ይህ ፍርድ የሚሠራው መለከቱን የሚሰማውና ሰይፉ የሚያገኘው አንድ ሰው ሲሆን ነው። በዛሬው ማዕድን ግን መለከቱ የሚነፋው በቢሮ ውስጥ በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ነው፤ ሰይፉ የሚወርደው ከምድር በታች ነው። የሚሰማው ጆሮ ሌላ፣ የሚሞተው ሰው ሌላ ሆኗል። ለእኔ የዚህ ሁሉ አዲስ ጥበብ ዋነኛ አደጋው ይህ ነው።

ይህን ስጽፍ ሌላውን ብቻ ለመውቀስ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተምርበት ትምህርት ቤት ከመማሪያ ክፍሎች በስተጀርባ ያለው የድጋፍ ግንብ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ሲሰፋ በየሳምንቱ በማስመሪያ እየለካሁ ጻፍሁና ከቁጥሮቹ ጋር አመለከትሁ። ደብዳቤዬ ቁጥር ተሰጠው፤ ማኅተም ተመታበት፤ «ለሚመለከተው ይመራ» ተባለበት። በሰኔ ወር ዝናብ አንድ ቅዳሜ ሌሊት ግንቡ ተናደ። ሰኞ ጠዋት ስንገባ የሁለት ክፍል የኋላ ወንበሮች በድንጋይና በጭቃ ተሞልተው አገኘን። ቀኑ ቅዳሜ ባይሆን ኖሮ ምን እንደምጽፍ እግዚአብሔር ያውቃል። በኋላ ፋይሉን ጠይቄ ባየው ደብዳቤዬ በአምስት ጠረጴዛ አልፏል፤ አምስቱም ሰዎች ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ማለት ወደሚቀጥለው መርተውታል። ከአምስቱ አንዱ እንኳ ልጆቹን ከክፍሉ አስወጣ የሚል ትእዛዝ በእጁ አልነበረም። እኔስ ብሆን? ስንጥቁን በየሳምንቱ እየለካሁ፣ ልጆቹን ግን እዚያው ወንበር ላይ አስቀምጬ ነበር የማስተምረው። ቁጥሩን በትክክል መያዜ ግዴታዬን የፈጸምሁ አስመስሎኝ ነበር።

እንግዲህ በያዩ፣ በደልቢ፣ በዳውሮና በሌላም ስፍራ የሀገራችን የድንጋይ ከሰል ለሲሚንቶ ፋብሪካና ለሌላም ሥራ እየተፈለገ ነው። ከ2020 ጀምሮም የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት አለን። ሁለቱ አንድ ቀን መገናኘታቸው አይቀርም፤ ቢገናኙም መልካም ነው። ነገር ግን ዕቃው ከመገዛቱ በፊት በደንቡ ውስጥ ሊጻፉ ይገባል የምላቸው አሉ።

አንደኛ፣ ደወሉ በቢሮ ብቻ ሳይሆን ቆፋሪው ባለበት ስፍራ፣ እርሱ በሚያውቀው ቋንቋ ይሰማ። ሰምቶ የወጣ ሠራተኛም ደወሉ የሐሰት ቢሆን እንኳ የቀን ደመወዙ እንዳይቆረጥ ይሁን፤ ደመወዙ የሚቆረጥበት ሰው ደወል ቢሰማም አይወጣምና።

ሁለተኛ፣ ማስጠንቀቂያው በዚያው ደቂቃ በኩባንያው ውስጥ ላልሆነ ተቆጣጣሪ ይድረስ፤ ማንም እንዳይሰርዘውም ሆኖ ይመዝገብ። ሁለት መዝገብ እንዳይኖር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

ሦስተኛ፣ በየፈረቃው ሥራ የማስቆም ሥልጣን ያለው አንድ ሰው በስሙ ይታወቅ። ደወል ተሰምቶ ሥራው እንዲቀጥል ያደረገ እንደሆነ ምክንያቱን ጽፎ ይፈርምበት። «ለሚመለከተው ይመራ» የሚል ቃል በዚህ መዝገብ ላይ አይጻፍ።

አራተኛ፣ ደወሉ የሚጮኽበትን ልክ የምርት ክፍሉ ብቻውን አይወስን፤ የሠራተኞቹ እንደራሴና ተቆጣጣሪው አብረው ይወስኑ። መሣሪያውም በፖላንድ ወይም በቻይና ጉድጓድ ተምሮ መጥቶ እንደሆነ በእኛ መሬት ላይ ሳይፈተን አይታመን፤ የአንዱ ሀገር ዓለት የሌላውን አይመስልምና።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ያስወጣል የሚል ይኖራል። ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ሲተያይ ግን አብዛኛው ወረቀትና ድፍረት ነው የሚጠይቀው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት አባቶቻችን ያወቁት ጥበብ ነው፤ ቅጠሉን ይዞ የሚቆመው ማን እንደሆነ ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ያ ወጣት ከሄደ በኋላ ስልክ ደወልሁለትና፣ «በምትሠራበት ስፍራ ዛሬ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ብታይ ሠራተኛውን ውጡ ማለት ትችላለህን?» ብዬ ጠየቅሁት። «ለአለቃዬ አመለክታለሁ፣ መምህር» አለኝ። አለቃውስ ለማን እንደሚያመለክት ስጠይቀው ከከተማ ያለውን መሥሪያ ቤት ነገረኝ። ምናልባት ይህን ጋዜጣ በጠዋት ከሻይ ጋር ከምታነቡት መካከል ያ ደብዳቤ አንድ ቀን በጠረጴዛችሁ ላይ የሚያርፍ ትኖሩ ይሆናል። ያን ጊዜ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ከመምራታችሁ በፊት ከግድግዳው ሥር ማን እንደቆመ እንድትጠይቁ በትሕትና እለምናችኋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
አዲስ አበባ